የመምህር ኢተፋ ባለ አራት ቁልፍ ሳጥን

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዕድሜ ልኬን ሬዲዮ ስበይድ የኖርኩበትን ሱቅ ዘግቼ ቤት በዋልኩ በሦስተኛው ወር፣ ልጄ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንድ ሪሞት ይዛልኝ መጣች። ሪሞት ስላችሁ ያ ጎማው አልቆ በፕላስተር የሚታሰረው እንዳይመስላችሁ። የዚህኛው ፊቱ በሙሉ መስታወት ነው፤ አንድም ቁልፍ የለውም። ሲነኩት ይበራና ቁልፎቹን ራሱ ይሥላል። ቴሌቪዥኑን፣ ዲኮደሩንና ቴፑን በዚህ በአንዱ እንዳዛቸው አድርጌ እንዳስተካክለው፣ እሷ ሞክራ እንዳቃታት ነግራኝ ተመለሰች።

ሦስት ቀን ሙሉ ከእሱ ጋር ተፋጠጥኩ። አሮጌውን ሪሞት ከአዲሱ ጋር ፊት ለፊት አጋድሜ የአሮጌውን ቁልፍ ስጫን፣ አዲሱ ምልክቱን እያየ ይማራል። ተማሪ ሆኖ እንዲህ ፈጣን አላየሁም። ከተማረ በኋላ ደግሞ ጥያቄ ያበዛል፤ ይህ ቁልፍ ምን ይባል፣ የት ይቀመጥ፣ ምን ያህል ይስፋ ይላል። ባለቤቴ ዓይኗ ደከም ብሏልና ለእሷ አንድ ገጽ አዘጋጀሁላት። መዳፍ የሚያህሉ ሦስት ቁልፎች ብቻ አሉት፤ ዜና፣ መዝሙር፣ አጥፋ። "ዜና"ን ስትነካ ቴሌቪዥኑም ዲኮደሩም ይነሣሉ፣ ጣቢያውም ይመረጣል። ዲኮደሩ እንቅልፋም ስለሆነ እስኪነቃ ድረስ ሪሞቱ ትንሽ እንዲጠብቀው አድርጌአለሁ። ይህን ሁሉ በደስታ ሠርቼ ስጨርስ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ መጣ። መሣሪያው ሲበራ ከየት ይጀምር?

እዚያ ላይ ጣቴ ቆመ። ይህን ጥያቄ በደርግ ዘመን ነቀምቴ ላይ ራሴን ሳልጠይቅ በመቅረቴ አንዲት ሴት ታስራብኛለች።

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። እኔን ከባንኮኒው ጀርባ ሊያቆመኝ ሲያስብ እኔ የሱቁን ሬዲዮ ፈትቼ መግጠም አቃተኝ። ተቆጥቶ፣ "እንግዲያው የፈታኸውን መግጠም ተማር" ብሎ ኦቦ ዲንሳ ዘንድ ወሰደኝ። ኦቦ እንደ አቶ የሚባል የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ በእኛ ከተማ ጉራጌውም አማራውም ሽማግሌውን በዚሁ ይጠራል። ኦቦ ዲንሳ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ መነጽራቸውን በጫማ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ነበሩ። እንደ እሳቸው ሬዲዮ የሚያውቅ ሰው በወለጋ አልነበረም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ኦቦ ዲንሳ ሬዲዮ ሲመጣላቸው አይከፍቱትም። መጀመሪያ ባለቤቱን "እስቲ እንደ ቤትዎ ይክፈቱት" ይሉና ሬዲዮውን ትተው እጁን ያያሉ። አንድ የኪራሙ ገበሬ የመቃኛው ክር እየተበጠሰበት ሦስቴ ተመላልሶ ነበር። እኔ ሦስቴም ክሩን ቀይሬአለሁ። በአራተኛው ኦቦ ዲንሳ ሰውየው ሲያጠፋው አዩት፤ የመቃኛውን ቁልፍም እንደ በር መቀርቀሪያ እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ መቆለፉን ለማረጋገጥ አንዴ ጨመር ያደርግበታል። ክሩን ቀየሩና ማብቂያው ላይ ከውስጥ ቁራጭ ቆዳ ደገፉለት። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ለሰላምታ ካልሆነ አልመጣም። ብሎኖችንም ጠረጴዛ ላይ አይበትኑም። ካርቶን ላይ የሬዲዮውን ጀርባ ሥለው፣ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ይሰኩታል። ሲበይዱ አይናገሩም፤ ሰው ሰላም ቢላቸው እንኳ የቀለጠው ቆርቆሮ እስኪረጋ መልስ የለም።

አንዱ ልማዳቸው ግን ያናድደኝ ነበር። ከአብዮቱ በፊት ሬዲዮው ሲመጣ መርፌው የቆመበትን በእርሳስ ምልክት አድርገው፣ ሲመልሱም እዚያው ያቆሙት ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ይህን ተዉ። ከሱቃችን የሚወጣ ሬዲዮ ሁሉ በአገሩ ብሔራዊ ጣቢያ ላይ ተደርጎ ይወጣል። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። "ቤቱ ደርሶ ሲከፈት አጠገቡ ማን እንደሚቆም በምን አውቃለሁ?" አሉኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚባልበት ጊዜ ነበር፤ እኔ ግን ወጣት ነበርኩና የሽማግሌ ፍርሃት አደረግኩት።

ሙያው እየገባኝ ሲሄድ ወደ ገጠር ከተሞች ይልኩኝ ጀመር። ጊምቢ ሄጄ የትምህርት ቤት ድምፅ ማጉያ ጠግኛለሁ። ጊዳ አያና አንድ የወሎ ሰፋሪ ሽማግሌ፣ "ይኸ ሬድዮን አገሩ ሳለ እንዲያ ይለፈልፍ እንዳልነበር፣ ወለጋ ሲገባ አኮረፈ" ብለው አመጡልኝ። ስከፍተው ጉንዳን ድምፅ ማውጫው ውስጥ ቤት ሠርቷል። ደመወዜ ለልብስና ለምሳ ትበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ ስለ እሷ የማስታውሰው የለኝም።

መምህር ኢተፋን ያወቅኳቸው ሬዲዮአቸውን ልጠግን ቤታቸው ሄጄ ነው። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ሲያድሱ ወድቀው አከርካሪያቸው ተጎዳና አልጋ ላይ ቀሩ። አእምሮአቸውም አንደበታቸውም ደህና ነው፤ ከአካላቸው የሚታዘዛቸው ግን አንገታቸውና የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ብቻ ናቸው። ልጃቸው ቶሌራ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ፣ አዴ እንደ ወይዘሮ ነው፣ ጠዋት ቅቤና ማሯን ይዛ ገበያ ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች። ስትወጣ ሬዲዮውን ከፍታላቸው ትሄዳለች። በመካከሉ ጎረቤት ገብቶ ውሃ ያጠጣቸው እንደሆነ እንጂ ጣቢያ የሚቀይርላቸው የለም።

ሬዲዮው ምንም አልሆነም ነበር። የጠሩኝ ለሌላ ነገር ነው። "ወልዴ፣ ሰው ሁሉ እኔ አልጋ ላይ የታሰርኩ ይመስለዋል" አሉኝ። "እኔ የታሰርኩት ጣቢያው ላይ ነው። ዜናው ሲያልቅ የወታደር ማርሽ ይመጣል፣ ማርሹ ሲያልቅ ዜናው ይደገማል። ዓለምን በሙሉ ሳስተምር ኖሬ አሁን መርፌ ማንቀሳቀስ አቃተኝ። ለእነዚህ ለሁለቱ ጣቶች የሚሆን ነገር አታጣም።"

አራት ጣቢያ ነው የፈለጉት። አንደኛው ብሔራዊው፣ ሁለተኛው ከውጭ በአማርኛ ዜና የሚያሰማው። ሦስተኛው ቋንቋውን የማያውቁት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘፈን ነበር፤ ዘፈኑን እየሰሙ የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ፣ ምን እንደሚዘሩ መገመት ይወዳሉ። አራተኛውን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በአፋን ኦሮሞ የሚተላለፍ የወንጌል ስርጭት ነው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ አዴ ጫልቱና እሳቸው ያላቸው እሱ ብቻ ነበር።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ፤ ከጉጉት ማለቴ ነው። በሥራ ላይ እያለሁ እንኳ የማስበው ስለ ሁለት ጣት ነበር። ከሱቁ ሥራ ውጪ በራሴ ጊዜ የምሠራው ስለሆነ፣ ሲያልቅ አስደንቃቸዋለሁ ብዬ ለኦቦ ዲንሳ አልነገርኳቸውም። መቃኛው ጣቢያ የሚለየው ኮንደንሰር በሚባል ዕቃ ነው። በትልቁ ተዘዋዋሪ ኮንደንሰር ፈንታ በካቻቪቴ የሚስተካከሉ አራት ትናንሾች አስገባሁ፤ እያንዳንዷ ለአንድ ጣቢያ። ከዚያ ረጅም ሽቦ ዘርግቼ ቁልፎቹን አልጋው ላይ አደረስኩ። መምህሩ ግን ጣታቸውን ወደ ቁልፉ ባስጠጉ ቁጥር ጣቢያው ይሸሻል። ሽቦው ራሱ የመቃኛው አካል ሆኖ፣ የሰው እጅ ሲቀርበው ይነካል። መምህር ኢተፋ ሳቁ። "ይህስ ዓይን አፋር ነው፤ ሰው ሲያየው ይደበቃል" አሉ።

ሁለት ሳምንት አሰብኩበትና መላው ተገለጠልኝ። ሞገዱ ከሬዲዮው መውጣት የለበትም፤ በሽቦው መሄድ ያለበት ትእዛዝ ብቻ ነው። ከተጣለ የስልክ ዕቃ ላይ ሪሌ አገኘሁ። ሪሌ ማለት ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ቀጭ ብሎ ሌላ ሽቦ የሚያገናኝ ዕቃ ነው። እነሱን ሬዲዮው ሆድ ውስጥ ኮንደንሰሮቹ አጠገብ አስቀመጥኩ። አንዴ ሲታዘዙ ራሳቸውን ይዘው ይቆያሉ፣ ሌላ ቁልፍ ሲነካ ይለቃሉ። ለቁልፍ የበር ደወል መጫኛ ተጠቀምኩ፤ ሞላው ለመምህሩ ጣት ቢጠጥርባቸው የእስክሪብቶ ሞላ ቀየርኩበት። አንገታቸውን ቀና አድርገው ሳጥኑን ማየት ስለማይችሉ በመዳሰስ እንዲለዩት በአንደኛው ቁልፍ ላይ ባቄላ፣ በሁለተኛው በቆሎ፣ በሦስተኛው ሽምብራ በሙጫ ለጠፍኩ። አራተኛውን ልሙጥ ተውኩት።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ያገኘሁት ሪሌ ሦስት ነው፤ ጣቢያው አራት። ይህንንም በብልሃት ተወጣሁት። ሦስቱም ሪሌዎች ባልታዘዙ ጊዜ ሬዲዮው በአራተኛው ኮንደንሰር ላይ እንዲያርፍ አደረግኩ። ልሙጡ ቁልፍ ሥራው ሌሎቹን ማስለቀቅ ብቻ ነው። ሪሌ ብዙ ሲቆይ ይሞቃል፣ ድምፅም ውስጥ እምም ይላል፤ ስለዚህ ማረፊያው ብዙ የሚያዳምጡት ጣቢያ ቢሆን ድምፁ ይጠራል ብዬ የወንጌሉን ስርጭት እዚያ ላይ አቆምኩት። ባሰብኩት ቁጥር በራሴ እደነቅ ነበር።

ያለቀ ቀን መምህር ኢተፋ አንድ ሰዓት ያህል ቁልፎቹን ሲነካኩ ቆዩ። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ልሙጥ፣ በቆሎ። እንባቸው በጎን ወደ ጆሮአቸው ይወርዳል፤ መጥረግ አይችሉም። እኔ ጠረግኩላቸው። አዴ ጫልቱ ከበሩ አጠገብ ቆማ ታያለች። ወደ ሳጥኑ አልቀረበችም፤ እኔም ቅረቢ አላልኳት፣ እንዴት እንደሚሠራም አላስረዳኋት።

ወሩ ሳያልቅ ሆነ። የገበያ ቀን ስላልነበር አዴ ጫልቱ ቤት ነበረች። መምህሩ ባቄላውን ተጭነው ብሔራዊውን ዜና እያዳመጡ ሳለ መብራት ጠፋ። ወዲያው የቀበሌው ሊቀ መንበር ከሦስት ሰዎች ጋር ለቆጠራ መጣ። ወንበር ተሰጥቷቸው የቤተሰቡን ስም መጻፍ ጀመሩ። ሬዲዮው ዝም ብሏልና ሬዲዮ መኖሩን ያስታወሰ የለም። ጽሕፈቱ ሳያልቅ መብራት ተመለሰ። መብራት ሲጠፋ የያዘው ሪሌ ለቋል፤ ሬዲዮው የነቃው እኔ ባበጀሁለት ማረፊያ ላይ ነው። በአፋን ኦሮሞ መዝሙር ቤቱን ሞላው። መምህር ኢተፋ በጣታቸው ባቄላውን ፈልገው እስኪጫኑ ሁለት ስንኝ አለፈ። የባሰውም መጫናቸው ነበር። ሊቀ መንበሩ፣ ጥፋት ካልሆነ ለምን ቀየሩት አለ።

መምህሩን ተሸክመው ሊወስዷቸው አይችሉም። ሬዲዮውንና ሳጥኑን ወሰዱ፣ አዴ ጫልቱንም ወሰዷት።

ወሬውን የሰማሁት ሱቅ ውስጥ ነው። ሮጬ ስደርስ መምህሩ ጣሪያውን ያያሉ። ይወቅሱኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ "ወልዴ፣ እሷ ማታ ማታ ጉልበቷን ይቆረጥማታል። እዚያ ወለሉ ሲሚንቶ ነው" ብቻ አሉኝ። ከዚህ ይልቅ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ከጎረቤት ጋር ተጋግዘን አጠብናቸው፣ አጎረስናቸው። አንገታቸውን ደግፌ ሳጠጣቸው ጣቶቻቸው አንሶላው ላይ ባዶ ቦታ ሲዳስሱ አያለሁ።

ለኦቦ ዲንሳ ነገርኳቸው። ሥዕል ሥለው የሬዲዮውን ሆድ እንዳሳያቸው አደረጉኝ። ብዙ ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ማል ጎቴ፣ ኢልማ ኮ" አሉኝ፤ ምን አደረግህ ልጄ ማለታቸው ነው። ደግሞም እንዲህ አሉ፤ "ሥራህ ጥሩ ነው። የተኛውን ሰው እጅ አይተህ ሠርተሃል። አጠገቡ የምትኖረውን ግን አላየህም።"

በማግስቱ ሁለታችን ወደ ቀበሌ ሄድን። ሊቀ መንበሩ ያቀረበብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ሬዲዮውን እዚያ ጣቢያ ላይ ያቆመው ማነው? መምህሩ አዘውኝ ነው ብል ሚስታቸው አትወጣም። እኔ ነኝ ብል እኔም ከእሷ ጋር እገባለሁ፣ እሷም አትወጣም። ሬዲዮውን እንድከፍት ፍቀዱልኝ አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ ሶኬቱን ሰካሁ፤ ሰዓቱ የስርጭቱ አልነበረምና የባዶ ሞገድ ሹክሹክታ ብቻ ተሰማ። እጄን ቀስ ብዬ ወደ ኮንደንሰሮቹ አስጠጋሁ። ከሹክሹክታው ውስጥ አንድ የዐረብ ድምፅ ወጣ። እጄን ስመልስ ጠፋ። "ይኸው ጓድ ሊቀ መንበር፣ እጅ ሲቀርበው ይሸሻል። የት እንደሚያርፍ አይታወቅም" አልኩ።

ሊቀ መንበሩ ብድግ ብሎ መጣና የራሱን እጅ አስጠጋ። ዐረቡ ተናገረ። እጁን አሸሸ፣ ዐረቡ ዝም አለ። ጸሐፊውም ሞከረ፤ በእሱ እጅ ደግሞ ሙዚቃ ወጣ። ጥበቃው መሣሪያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተራውን ጠበቀ። ለጥቂት ጊዜ ያ ቢሮ መሆኑ ተረሳ፤ ሦስት ትልልቅ ሰዎች እጃቸውን ሬዲዮ ላይ እየዘረጉ ይስቃሉ። እኔ ግን ላብ በጀርባዬ ይወርዳል።

ሊቀ መንበሩ ተመልሶ ተቀመጠና ወረቀት አቀረበልኝ። ሬዲዮው ያልታዘዘውን ጣቢያ ያሰማው በእኔ የሙያ ጉድለት መሆኑን ጽፌ እንድፈርም፣ ሱቁም ማኅተሙን እንዲያሳርፍ። አራተኛውንም መስመር ቆርጬ እንድጥለው አዘዘኝ። ጽፌ ፈረምኩ። ኦቦ ዲንሳ ማኅተማቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በዕድሜአቸው አንዲት የላላች ብየዳ ከሱቃቸው ያላወጡ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ በማኅተሙ ላይ ተንፈስ አሉበት፣ አቃንተው መቱት። እኔን አላዩኝም። ያ ወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ከረመ። ለአንድ ዓመት ያህል ደንበኛ ሁሉ "ሽማግሌው ራሳቸው ይሥሩት" እያለ ያልፈኝ ነበር። ተቃጥዬአለሁ፤ ግን የሚገባኝ ነው።

አዴ ጫልቱ በዘጠነኛው ቀን ተፈታች። ሁለት ቀን አሳልፌ ቀበሌው የመለሰልኝን ሬዲዮና ሳጥን ይዤ ሄድኩ። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ሦስቱን ጣቢያ አስተካክዬ፣ አራተኛውን እንደታዘዝኩት መቁረጤን ለመምህሩ ነገርኳቸው። እሳቸው አንገታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። እሷ ጉልበቷን ይዛ ከመደቡ ተነሣችና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሳጥኑ ቀረበች። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ልሙጡ ላይ ስትደርስ ጣቷን አቆመች።

"ይኼን መልሰው" አለችኝ።

"አዴ፣ እንደገና ቢመጡስ?"

"የታሰርኩት እኔ ነኝ፣ ኢልማ ኮ። እኔ ልፍራ፣ አንተ ሥራ። ግን ሳይጠሩት እንዳይናገር አድርገህ ሥራው።"

ብዙ ሰው ብዙ ሥራ አዞኛል፤ እንዲህ አጭርና ጥርት ያለ ትእዛዝ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም፤ ለልጄ ሪሞት የመጨረሻ ጥያቄም የመለስኩት በዚሁ ቃሏ ነው። መብራት ሲመለስ ሬዲዮው ዲዳ ሆኖ መነሣት አለበት ማለት ነው። ለዚያ አራተኛ ሪሌ ያስፈልጋል። ኦቦ ዲንሳን ጠየቅኳቸው። ለማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ከመሳቢያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ሪሌ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ፣ ከዚያም ሱቁን ለአንድ ሰው ትተው ከእኔ ጋር መጡ። እያንዳንዷን ብየዳዬን በጥፍራቸው እየሞከሩ አብረውኝ ሠሩ። በአራተኛው ቁልፍ ላይም አዴ ጫልቱ ራሷ አንድ ዘንጋዳ መርጣ ለጠፈችበት።

ሲያልቅ እኔ ልሞክረው እጄን ስዘረጋ አዴ ጫልቱ በክንዷ ከለከለችኝ። ግድግዳው ጋ ሄዳ ሶኬቱን ነቀለች፣ መልሳ ሰካችው፣ ጆሮዋን አዘንብላ ጠበቀች። ዝም። ደግማ ነቀለችና ሰካችው። ዝም። በሦስተኛው ከነቀለችው በኋላ ሶኬቱን በእጇ ይዛ ረጅም ጊዜ ቆመች፤ እዚያ እስር ክፍል ውስጥ ስንት ቀን እንደተቀመጠች የምትቆጥር መሰለኝ። ሰካችው። ሬዲዮው ዝም አለ።

ያን ጊዜ ሄዳ በሩን ዘጋች። ሳጥኑን አንሥታ በባሏ ሁለት ጣቶች ሥር አስተካክላ አስቀመጠችላቸው፣ በርጩማዋንም ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እንግዲህ ይጥሩት፣ አባ ቶሌራ" አለቻቸው።